ዘነበች ደውላለች

ዓሪፍ ሙጃሂድ ስለ ራሱ ሲያወራ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ዓሪፍ ማለት በዓረብኛው ዐዋቂ ማለት ነው፤ አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ገና ሰባት ቀኔ ስለነበር አይፈረድበትም» ይላል። ሰው ሳይስቅበት እሱ ቀድሞ ይስቃል። ይህን ልማድ ያመጣው ሥራው ነው።

ተወልዶ ያደገው መርሳ ነው። አባቱ ነፍሳቸውን ይማርና መንገድ ዳር ሲንጀር መኪና ዘርግተው ልብስ ይሰፉ ነበር፤ እናቱ ረሂማ አሁንም እዚያው ቤት አሉ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሶሺዮሎጂ ተመረቀና ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተንገላታ በኋላ፣ ወልድያ ቢሮ የከፈተ አንድ ፕሮጀክት «የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ» ብሎ ቀጠረው። እናቱ ደስታቸው ወሰን አጣ። ችግሩ የመጣው ጎረቤት ሥራውን ሲጠይቃቸው ነው።

«ረሂማ፣ ልጅሽ ምን ሥራ ያዘ አሉ?»

«ሰው ይሰበስባል።»

«ከሰበሰበ በኋላስ?»

እናቱ ትንሽ አሰቡና «ከሰበሰበማ በኋላ ይበትናል» አሉ።

ዓሪፍ ይህን ሲሰማ ተናዶ ነበር። በኋላ ላይ ግን ከዚህ የተሻለ የሥራ መደብ መግለጫ አላገኘሁም ማለት ጀመረ።

ፕሮጀክቱ የጎርፍ ነገር ነው። መርሳ አቅራቢያ፣ ግራና ዙሪያ ወንዙን ተከትለው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች፣ በበልግም በክረምትም አንድ ጠላት አለባቸው። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው ላይ ነው። ታች ግራና ፀሐይዋ እንደ ወጣች፣ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ፣ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ይመጣና ዳር ላይ የተተከለውን የውሃ ሞተር፣ ቱቦውን፣ አንዳንዴም የታሰረች ጥጃ ጠርጎ ይሄዳል። ፕሮጀክቱ ያሰበው ላይኛው ተፋሰስ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ፣ ታች ቀበሌው ጣሪያ ላይ ደግሞ ጮኾ የሚያስጠነቅቅ ሳይረን ለማቆም፣ በዚያ ላይ በየሰው ስልክ መልእክት ለመላክ ነበር። የዓሪፍ ድርሻ ማኅበረሰቡን ማሳተፍ ነው። ለዚህም ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልሳ አራት ገጽ መመሪያ ተልኮለታል፤ ሽፋኑ ላይ በክብ ተቀምጠው የሚስቁ ሰዎች ሥዕል አለበት።

ዓሪፍ መመሪያውን አጠና። ገበሬ መሬቱን እንደሚያርሰው በአራት ቀለም እስኪርቢቶ አረሰው። አለቃው ኤደን፣ ቁርጥ ያለች ሴት ናት፣ «አካባቢውን ታውቀዋለህ አይደል?» ብትለው «እትብቴ የተቀበረበት ነው» አላት። እትብቱ እዚያ ለመቀበሩ ማስረጃ ነበረው፤ አካባቢውን ለማወቁ ግን አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ስብሰባ የጠራው በግራና ገበያ ቀን ነው። ሦስት ሰው መጣ፤ አንደኛው የቀበሌው ዘበኛ ነው። ሁለተኛውን ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጠራ። ፕሮግራሙን ያወጣው ወልድያ ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ በኮምፒዩተሩ ሰንጠረዥ ላይ ባዶ ያገኛትን ቦታ እየሞላ ስለነበር፣ ዓርብ መሆኗን እንጂ ጁምዓ መሆኗን አላስተዋለም። ሸህ ኡበይደላ፣ እንደ ዕድር ያለው የቅሬው ዳኛ፣ ሬሳ የሚያስቀብሩት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት ሽማግሌ፣ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ለስብሰባው በመረጠው ዋርካ ሥር ከወረቀቱ ጋር ብቻውን ቆሞ አገኙት።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«የሙጃሂድ ልጅ ነኝ፣ የመርሳው ልብስ ሰፊ።»

«ሱብሓነላህ! ታዲያ የሙጃሂድ ልጅ ዓርብ አይሰግድም?»

ዓሪፍ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ተከትሏቸው ሰገደ። በዚያ ቀን ሪፖርት ላይ «ስብሰባው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ተላልፏል» ብሎ ጻፈ።

ሦስተኛው ሠመረ። ሰላሳ አንድ ወንድና አራት ሴት ተገኙ፤ ሴቶቹ ከኋላ፣ ለመነሣት እንደሚመች ሆነው ተቀመጡ። ዓሪፍ መመሪያውን ገለጠ። ገጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ ተሳታፊዎች እንዲፍታቱ ኳስ ይወራወሩ፤ ኳሷ የደረሰችው ሰው ስሙንና በስሙ መነሻ ፊደል የሚጀምር እንስሳ ይጥራ። ዓሪፍ ከመርሳ በባጃጅ ሲመጣ መንገዱን ሙሉ የራሱን ሲያዘጋጅ ነበር።

«ዓሪፍ፤ ዓሣ!» አለና ኳሷን ለሸህ ኡበይደላ ወረወረ።

ሸህ ኡበይደላ ኳሷን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጃቸው ያዟት። ገልበጥ አድርገው አዩዋት። ጉባኤውም አብሯቸው አያት። በ«ኡ» የሚጀምር እንስሳ ፍለጋ ሰላሳ አምስት ሰው ተጨነቀ፤ ትልልቆቹ ተያዩ፣ አንዱ በጣቱ መሬት ጫረ። በመጨረሻ ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ «ኡኡታ አለ፤ ግን እንስሳ አይደለም» አለ።

«ልጄ» አሉ ሸህ ኡበይደላ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ስሜን ታውቀዋለህ። እኔም ስምህን አውቃለሁ። አባትህን ሙጃሂድን አጥቤ ከፍኜ ቀብር ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሌላ የምትጠይቀን ካለ ጠይቀን፤ ይህችን ግን ለሕፃናት ስጣት።»

ዓሪፍ ኳሷን ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ቦርሳው አልዘጋ አለው፤ ስለዚህ ስብሰባው እስኪያልቅ ኳሷ ከቦርሳው አፍ ላይ ሆና ታየው ነበር።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ መጣ። «እሺ፤ እስካሁን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አላችሁ ወይ?»

ፊት የተቀመጠ አማን የሚባል ሰውዬ ፊቱን ቋጠረ። «ኧረ ሥርዓትስ አለን! ምን አጠፋን?»

«አይ፣ አይ፣ እሱን ማለቴ አይደለም። ጎርፍ ሳይደርስ ቀድሞ የሚያስታውቅ፣ የተደራጀ… መሣሪያም ይሁን፣ ኮሚቴም ይሁን…»

«እንደሱ ያለ የለንም» አሉ።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አነሣች። ነሲባ ናት፤ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ወንዝ ዳር ያለውን ማሳዋን በራሷ የውሃ ሞተር የምታለማ ብርቱ ሴት። ዓሪፍ ሰዓቱን አየ። መመሪያው ለዚህ ክፍል ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር የሰጠው፤ አሥሩ በ«ኡ» አልቋል።

«አንድ ጊዜ፣ ወደ ጥያቄ እንመለሳለን» አላት። ከዚያ ሻይና ብስኩት መጣ።

ወልድያ ተመልሶ በሪፖርቱ ላይ በደማቁ ጻፈ፦ «በአካባቢው ምንም ዓይነት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የለም። የማኅበረሰቡ ተሳትፎ ከፍተኛ ነበር።»

ከዚያ ሳይረኑ ተተከለ። ለሙከራ የተነፋ ዕለት ዓሪፍ ሕዝቡ በመመሪያው ሥዕል ላይ እንዳሉት ሰዎች ተሰልፎ ወደ ኮረብታው ሲወጣ ለማየት ካሜራውን አዘጋጅቶ ቆመ። ሳይረኑ ጮኸ። ሰውም ከየማሳው፣ ከየቤቱ ወጣና፣ ዱላ የያዘው ዱላውን፣ አካፋ የያዘው አካፋውን ይዞ፣ እየሮጠ ወደ ሳይረኑ መጣ። ቀበሌው ያለው ደግሞ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። አገሬው ጩኸት ሲሰማ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል እንጂ ከጩኸቱ አይሸሽም፤ ሰው ቢጣራ፣ ቤት ቢቃጠል፣ አውሬ ቢመጣ ልማዱ ይኸው ነው። ዓሪፍ ራሱ ልጅ ሆኖ ስንት ጊዜ እንዲህ ሮጧል። ያ ሁሉ ሰው እያለከለከ «የት ነው? ማን ተጎዳ?» ሲለው «ሙከራ ነው» አላቸው። እንደመጡ ተመለሱ፤ አንዲት እናት ብቻ «መከራ ይሞክርህ» ብለውት ሄዱ።

የስልኩ መልእክትም የባሰ ነበር። «ውድ የማኅበረሰብ ክፍሎች፦ የተፋሰሱ የውሃ ከፍታ ደረጃ ሁለትን ስላለፈ ተገቢውን ጥንቃቄ እንድታደርጉ በአክብሮት እናሳስባለን» ይላል። አማን «ደረጃ ሁለት» የምትለዋን አይቶ ሁለተኛ ዕጣ የደረሰው መስሎት መርሳ ድረስ ወርዶ በየስልክ ሱቁ ሲጠይቅ ዋለ። ይህንን የጻፈው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዓሪፍ ቦርሳውን መበርበር ጀመረ። የጻፈው እሱ ነው፤ ያውም «በአክብሮት» የምትለዋን የጨመራት ሰውን ላለማስደንገጥ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሚያዝያ ደረሰ። ዓሪፍ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ «ይህ ቦታ የጎርፍ አደጋ ቀጣና ነው» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ወንዙ ዳር ተክሎ ፎቶ ሊያነሣ መጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወንዙም ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። ሰሌዳውን ተክሎ ቀና ሲል ነሲባና ሌሎች ሰዎች የውሃ ሞተራቸውን ከቱቦው እየፈቱ፣ ለሁለት ለሁለት እየተሸከሙ ወደ ላይ ሲወጡ አየ።

«ነሲባ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ዘነበች ደውላለች።»

«የትኛዋ ዘነበች?»

«የደጋዋ ናታ! ወሬውን ተወውና ና በዚያ በኩል ያዝልኝ!»

ዓሪፍ አልያዘላትም። ይህን ሲያወራ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ራሱን ይነቀንቃል። የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ንግግር ያዘ። ባልተረጋገጠ መረጃ መደናገጥ እንደማይገባ፣ መሣሪያ ተተክሎ እያለ በወሬ መሮጥ ወደኋላ መመለስ እንደሆነ፣ ሳይረኑ እስካልጮኸ ድረስ ሁሉም በሥራው ላይ ቢቆይ መልካም እንደሚሆን አስረዳ።

ነሲባ ሞተሩን በጫንቃዋ ደግፋ እንደቆመች ሰማችው። «ሳይረኑ ደጋ ላይ ወዳጅ የለው፣ ከየት ይሰማል?» አለችና ሄደች።

ዓሪፍ ብቻውን ቀረ። ሰሌዳው ከጀርባው ወንዙ እንዲታይ አድርጎ ፎቶውን ሊያነሣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። መጀመሪያ የሰማው በዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ሲመጡ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። «ዛሬ መኪና በዛ» ብሎ አሰበ። መኪናው መንገድ ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ትዝ ሲለውና የአፈር ሽታ ሲሸተው አንድ ሆነ። ዞሮ ሲያይ ጭቃና ግንድ የሚገፋ ቀይ ውሃ መታጠፊያው ላይ ደርሷል።

እንዴት እንደሮጠ አያውቅም። የማንጎ ዛፍ አገኘና ወጣ። አንድ እግር ጫማው ከታች ቀረ፤ ሰሌዳውም «የጎርፍ አደጋ ቀጣና» እንዳለ ተነቅሎ በፊቱ አለፈ። ዛፉ ላይ ከእሱ በፊት የሰፈሩ ጉንዳኖች ነበሩ፤ እነሱም እንግዳውን በሚገባ ተቀበሉት። እንዲህ ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ሰዉ ከወዲያ አፋፍ ላይ ተሰብስቦ ያየዋል። ስብሰባ ጠርቶ ይህን ያህል ሰው መጥቶለት አያውቅም።

«ዓሪፍ!» አለች ነሲባ ጮኻ፣ «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ! አልሐምዱሊላህ!»

«ሳይረኑ ጮኸልህ?»

አፋፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓሪፍም ዛፉን አቅፎ ሳቀ፤ ሲስቅ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ውሃው ትንሽ ጎደል ሲል ጎልማሶቹ ገመድ ይዘው ገቡና አወጡት። ሸህ ኡበይደላ ጋቢያቸውን አልብሰው «አብሽር፣ አብሽር ልጄ፤ ከወንዝ የተረፈ ዕድሜው ረዥም ነው» አሉት። ሳይረኑ የጮኸው ያኔ ነው። ለካ የማብሪያው ቁልፍ ያለው ሳይረኑን እንዲጠብቅ በተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኪስ ውስጥ ኖሯል፤ ሰውዬው ደግሞ ሌላ ሰፈር ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጥቶ ከፈተው። እንደለመደው ግማሹ ሰው ዓሪፍን ትቶ ወደ ሳይረኑ ሮጠ።

ማምሻውን የሸህ ኡበይደላን ሽርጥ ታጥቆ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ነሲባ በር ላይ ሻይ እየጠጣ ተቀመጠ። አንድ ነገር ከንክኖታል።

«በስብሰባው ላይ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ አልነበር እንዴ እጄን ያነሣሁት? ወደ ጥያቄ እንመለሳለን አልከኝ። ኋላ አልተመለስክም።»

«ሌሎቹስ? ሥርዓት የለንም አሉኮ።»

«ታዲያ ዘነበች ሥርዓት ናት እንዴ? ወዳጄ ናት።»

በሳምንቱ ነሲባ ይዛው ደጋ ወጣች። ጥቂቱን በመኪና፣ ሦስት ሰዓት ያህሉን ሽቅብ በእግር። እሷ ስታወራ እሱ ያለከልካል። ዘነበች ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ የምታርስ፣ ሃምሳውን የተሻገረች ክርስቲያን ሴት ናት። በገበያ ቀን ወደ ግራና ባቄላ ታወርዳለች፣ ሽንኩርትና ማንጎ ይዛ ትወጣለች፤ ከነሲባ ጋር የተዋወቁት እዚያው ነው። ለእስላም ወዳጆቿ ለይታ በምታስቀምጣት ጣሳ እርጎ አቀረበችላቸው፤ ቆሎም ጨመረች። ዓሪፍ መመሪያውን ቢሮ ትቶት ነበር የመጣው። እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገባው።

«እትዬ ዘነበች፣ መደወሉን እንዴት ጀመሩት?»

ዘነበች ወደ ነሲባ አየች። «አሥር ዓመት አለፈው መሰለኝ። ገበያ ስወርድ ሰማዩ እዚህ ጠቁሮ አይቼው ነበር። አይቼው ወረድኩ። ከእሷ ጋር ስንስቅ ስንጫወት ዋልን፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሳንለያይ ወንዙ መጣና ያን ባሏ ጥሎላት የሄደውን ሞተር ወሰደው። አፌን ምን እንደያዘው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በጠቆረ ቁጥር እደውላለሁ።»

ነሲባ ቆሎውን እየዘገነች «እኔማ መቼ ወቀስኳት» አለች።

ዘነበች ወደ ውጭ አወጣችውና አሳየችው። ደመናው ከፊት ለፊቱ ገደል ላይ ሲተኛ አትደውልም፤ ሲቆም ነው የምትደውለው። ከጓሮዋ ያለችው ጅረት ከቀላች ግን ነገሩ ያለቀ ነው፤ አንድ ድፎ ዳቦ እስኪበስል ድረስ ውሃው ግራና ይደርሳል። ኔትወርክ ያለው ከቤቷ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። «ሰው ዝናብ ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ እኔ ወጥቼ እሮጣለሁ። ጎረቤቶቼ አበደች ብለው ካህን ጠርተውብኝ ያውቃሉ» አለች። መብራት ስለሌለ ስልኳን የምትሞላው ገበያ ስትወርድ ነው፤ ለዚያ ብላ ሳምንቱን ሙሉ አጥፍታ ታስቀምጠዋለች።

ዓሪፍ በዚያ ሥራ ከገባ ወዲህ ከመመሪያው ያልቀዳትን የመጀመሪያ ጥያቄ የጠየቀው ያኔ ነው። «እርስዎ ቤት ካልዋሉስ? ለቅሶ ቢሄዱ፣ ቢታመሙስ?»

ዘነበች ቋጥኙን ቀና ብላ አየችው። «ይህንንስ እኔም አስቤው አላውቅ» አለች።

ዓሪፍ በደስታ ከዚያው ኮሚቴ ሊያቋቁምላት ተነሣ። «ኮሚቴ ከሆንኩማ ስብሰባ ልትጠሩኝ ነው» ብላ እምቢ አለች። ነገር ግን አብረው የሚጠብቁ ሌሎች አራት ሴቶች እንደምትመርጥ ቃል ገባች። ዓሪፍ መንገድ ላይ ያያቸውን፣ ቤታቸው ለገደሉ የሚቀርበውን ሁለት ሴቶች ቢጠቁማት ነሲባና ዘነበች ተያይተው ሳቁበት። ሴቶቹ በድንበር ተካስሰው ሰላም ከተባባሉ አምስት ዓመታቸው ነው።

ወልድያ ተመልሶ ኤደን ፊት ቀረበ። ኤደን ሪፖርቱን ገለጠች።

«ምንም ዓይነት ሥርዓት የለም ብለህ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«በደማቁ።»

«በደማቁ።»

«አሁንስ ምን ብለን እንጻፍ?»

«ዘነበች ብለን» አላት። ኤደን እስክትስቅ ጠበቃት፤ አልሳቀችም። ለሁለተኛ ሳይረን ተይዞ የነበረው ገንዘብ ለስልክ መሙያ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ እንዲውል ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ሦስት ሳምንት ተከራከረች። በመጨረሻ ሲፈቀድላት «ዓሪፍ፣ ኳስ ይዘህ ደጋ እንዳትወጣ» አለችው። ወሬው ቢሮ መድረሱን ያወቀው ያኔ ነው።

ቀጣዩ ስብሰባ ስብሰባ እንደሆነ ማንም አላወቀም። በገበያ ቀን፣ የደጋ ሴቶች ባቄላ በሚሸጡበት ጥግ፣ ከላይ አምስት ከታች አምስት ሴቶች እየሸጡ እየገዙ ተመካከሩ፤ ማን ለማን እንደሚደውል እነሱው ተጣመሩ። ዓሪፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ቁጥራቸውን በየስልካቸው አስገባ። ሸህ ኡበይደላ ነገሩን በቅሬው አስታወቁ፤ አንድ ነገርም ጨመሩ። «ጩኸት ብቻውን ሰውን ወደ ሞት ይጠራል። የሰው ድምፅ ይግባበት» አሉ። ስለዚህ ከደጋ ሲደወል በመስጊዱ ማይክራፎን «ሞተራችሁን አውጡ፤ ወደ ወንዙ እንዳትሄዱ» እንዲባል ሆነ። ሳይረኑ አሁንም ጣሪያው ላይ አለ። ርግብ ፈልፍላበታለች።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተቃናም። ሐምሌ ላይ ከአዲሶቹ ጠባቂዎች አንዷ፣ አለሚቱ የምትባል ፈሪ ልብ ያላት ሴት፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለች። ሰዉ ሦስት ጊዜ ሞተሩን ተሸክሞ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ወንዙ እንደ ደረቀ ቀረ። በአራተኛው ማንም አልተነቃነቀም። ዓሪፍ «የማጠናከሪያ ሥልጠና እንስጣት» ብሎ ሰንጠረዥ ማውጣት ሲጀምር ነሲባ ብዕሩን ከእጁ ቀማችው። ዘነበች አለሚቱን ለሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቋጥኙ ላይ አብራት አስቀመጠቻትና የቆመ ደመናና የተኛ ደመና አሳየቻት። በቃ፤ ሥልጠናው ይኸው ነበር።

ነሐሴ ላይ ትልቁ ጎርፍ መጣ። የደወለችው አለሚቱ ናት። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ፤ ግን ወጣ። አንድም የውሃ ሞተር አልተወሰደም። የተወሰደችው የአማን ጊደር ብቻ ናት፤ ከዚያ ከዕጣው ወዲህ ስልክ አላምንም ብሎ አጥፍቶት፣ ማይክራፎኑንም የሰማው ዘግይቶ ነበር። ዓሪፍ ሊያጽናናው ቤቱ ሄዶ «የእኔ ጥፋት ነው፤ ያቺን መልእክት የጻፍኳት እኔ ነኝ» አለው። አማን «በአክብሮትስ ያልከው አንተ ነህ?» አለው። ነኝ አለ። ቅሬው አዋጥቶ ጥጃ ገዛለት፤ ዓሪፍም የድርሻውን አዋጣ።

ነገሩ ተሰማና ዋናው መሥሪያ ቤት «የዘነበች ሞዴል» ብሎ በአዲሱ መመሪያ ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ በቀስት በተያያዙ ክቦች ሥሎ አወጣው። ብዙም ሳይቆይ ሮቤል የሚባል በሌላ ዞን የሚሠራ ባልደረባው ደወለለት።

«ዓሪፍ፣ መመሪያው ከደጋ ጠባቂ ሴቶች ምረጡ ይላል። እኛ ጋ ደጋ የለም። ወንዙ የሚመጣው ከሜዳ ነው። ሴቶቹም ገበያ አይወጡም፤ የሚነግዱት ወንዶቹ ናቸው። ምን ላድርግ?»

«አገሩን አላውቀውም» አለ ዓሪፍ። «እስቲ የመጀመሪያውን ሳምንት ስብሰባ አትጥራ። ዝም ብለህ ሰው ካለበት ዋል።»

«ሳምንቱን ሙሉ ምን ሠራሁ ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

ዓሪፍ ኤደንን እጠይቅልሃለሁ አለው። ኤደንም እያሰበችበት ነው ይባላል።

ዓሪፍ አሁንም የግራና ገበያ ቀን አይቀርም። የደጋ ሴቶቹ ጥግ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ እነሱም ሰው መሆኑን ካወቁ ወዲህ ዕቃ ያስጠብቁታል። ባለፈው ገበያ ዘነበች ጨው ልትገዛ ሄዳ በግ አስያዘችው። ዓሪፍ በጉን በአንድ እጁ ይዞ ስለ ደመና የነገሩትን ማስታወሻ ሲጽፍ በጉ ገመዱን አስለቀቀው። ሽንኩርቱን ረግጦ፣ ከሰል ተራውን ሰንጥቆ፣ በባጃጆቹ መሐል ሽው አለ። ዓሪፍም ማስታወሻውን ጥሎ ተከተለው። ነሲባ ቲማቲሟ ላይ እንደተቀመጠች ያ ሁሉ ገበያተኛ እስኪዞር ድረስ ጮኸችለት፦

«በቀኝ! ኧረ በቀኝ ነው የሄደው፣ አንተ ሰው!»